የዱር ፍልሚያው ሲቀር ምን ቀረ? በፖክሞን ሌትስ ጎ ላይ የተደረገ ውይይት

ይህን ክር የከፈትኩት፣ ፖክሞን የሚባሉትን ፍጥረታት ይዘንና አሠልጥነን ስለምናፋልምበት የቪዲዮ ጨዋታ ባነሣሁት አንድ ጥያቄ ነበር። መልሱ እየበዛ ሄዶ አዲስ ለሚገባ አንባቢ መያዣ መጨበጫው ስለጠፋ፣ የመነሻውን ጽሑፍ እንዳለ ትቼ፣ ከሥሩ የመጡትን መልሶች በየተራ ቁጥራቸው፣ ፍሬ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር አስፍሬአለሁ። በተለይ የተቃወሙኝን ሰዎች ሐሳብ እንዳላሳንስ ተጠንቅቄአለሁ።

መነሻ ጽሑፍ

የዱር ፖክሞንን ሳይፋለሙ መያዝ፣ መያዝ ይባላል ወይ?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2018 ስዊች ለተባለው የኒንቴንዶ መጫወቻ መሣሪያ የወጡት መንትያ ጨዋታዎች፣ ሌትስ ጎ ፒካቹ እና ሌትስ ጎ ኢቪ፣ በ1998 በጃፓን የወጣውን የቢጫውን ፖክሞን ታሪክ እንደገና የሚተርኩ ናቸው። አገሩ ያው ካንቶ ነው፤ ጂም የሚባሉት ስምንቱ የፍልሚያ አዳራሾች፣ ወንበዴው የሮኬት ቡድን፣ በላቬንደር ከተማ ያለው የፖክሞኖች መካነ መቃብር ሁሉም በየቦታቸው አሉ። የተለወጠው አያያዙ ነው። በቀድሞው ጨዋታ ሣር ውስጥ ስንሄድ ማያው በድንገት ይለወጥና የዱር ፖክሞን ፊታችን ይቆማል፤ ጉልበቱን በልክ እያደከምን፣ ከተቻለም እያስተኛን ወይም እያደነዘዝን መያዣውን ኳስ እንወረውርበታለን። አንድ ምት ከበዛበት ተዝለፍልፎ ይወድቃል፤ እንደገና እስኪገኝ ድረስ ሣሩን መመላለስ የእኛ ዕዳ ይሆናል። በሌትስ ጎ ግን ፖክሞኖቹ ሜዳ ላይ ሲንቀሳቀሱ ከሩቅ ይታያሉ፤ ስንደርስባቸውም ፍልሚያ የለም። ልክ እንደ ስልኩ ጨዋታ እንደ ፖክሞን ጎ፣ ክቡ ሲሰፋና ሲጠብ ጊዜውን ጠብቀን እጃችንን ወደ ማያው እንወነጭፋለን። በአንድ ፖክሞን መያዝ የሚገኘው የልምድ ነጥብ ለምንይዛቸው ስድስቱም ጓዶች ይከፋፈላል፤ ይህን አልፈልግም ለሚል ሰው ማጥፊያ የለም። ፖክሞኖች ዕቃ አይሸከሙም፤ ለየዘሩ የተሰጠው ልዩ ችሎታ ተነሥቷል፤ ማዳቀልና እንቁላል ማስፈልፈልም ቀርቷል።

እኔ ቢጫውን ፖክሞን የተጫወትኩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ አጎቴ ከአሜሪካ ባመጣልኝ ጌም ቦይ ነበር። በመጀመሪያ የሚሰጠን ፒካቹ የመብረቅ ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው የጂም መሪ ብሮክ የሚያሰልፋቸው ሁለት ፖክሞኖች ደግሞ ድንጋይም ምድርም ስለሆኑ መብረቁ ጨርሶ አይነካቸውም። ይህን የሚናገር አንድ መስመር በየምቱ ማያው ላይ ይወጣ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር አላነበብኩትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያው በር ላይ ተሸነፍኩ። በመጨረሻ ከቪሪዲያን ከተማ በስተምዕራብ ባለው መንገድ ላይ ማንኪ የሚባለውን የጡንቻ ተፋላሚ ይዤ፣ አሠልጥኜ፣ ተመልሼ ገባሁ። የብሮክ ዋና ፖክሞን ኦኒክስ ሲወድቅ የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት አስወጥቷል። በሌትስ ጎ የብሮክ በር ላይ የቆመው ሰው የሣር ወይም የውሃ ዓይነት ካላሳየነው አያሳልፈንም። ገና ግድግዳው ሳይመታን መሰላሉ ተሰጠን ማለት ነው፤ የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው። የእናንተ አስተያየት ምንድን ነው?

መልሶቹ

1ኛው መልስ ሰላምታ አስቀድሞ የመጣ ስምምነት ነው። ጸሐፊው ጨዋታውን በወጣበት ወር እንደገዛው፣ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በደስታ እንዳሳለፈና አርባኛውን ፒጂ በያዘበት ሰዓት ግን እጁም ልቡም እንደዛለ ይገልጻል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ሳያመሰግን አላለፈም፤ ከኳሱ የወጣው ፖክሞን እግር በእግር ተከትሎን መሄዱ፣ እንደ ኦኒክስና አርካናይን ያሉትን ትልልቆቹን ደግሞ መጋለብ መቻሉ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በዓይነ ኅሊናው ሲያየው የኖረውን ነገር እንደፈጸመለት ጽፏል።

2ኛው በትሕትና አረመኝ። የዱር ፍልሚያ ጨርሶ አልቀረም፤ መንገድ ዘግቶ የሚተኛው ስኖርላክስ፣ ሦስቱ አፈ ታሪካዊ ወፎች፣ በመጨረሻም ሚውቱ በቅድሚያ ተፋልመው መሸነፍ አለባቸው፤ ለዚያውም በአምስት ደቂቃ ውስጥ። ኳስ መወርወር የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ርእሱ የተጋነነ ነው ይላል።

በ3ኛው መልስ እርማቱን ተቀበልኩ። ከ150 በላይ ከሆኑት ፖክሞኖች መካከል በዚህ መንገድ የሚያዙት በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን ብቻ አስታወስኩ።

4ኛው መልስ ያልጠበቅሁት አቅጣጫ ነበረው። ጸሐፊው ያለ ፍልሚያ መያዝ በ2018 የተፈለሰፈ አዲስ ነገር እንዳልሆነ፣ ከ1996ቱ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ በፉሺያ ከተማ የሳፋሪ ክልል እንደነበረ አስታወሰን። እዚያ በጨዋታው ገንዘብ 500 ከፍለን፣ 30 ኳስና 500 እርምጃ ተሰጥቶን እንገባለን፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ መወርወር፣ ማባበያ ምግብ መጣል፣ ኳስ መሞከር ብቻ ነው። እዚያ ቻንሲን ወይም ታውሮስን የያዘ ሰው ሁሉ ሳይፋለም ይዟቸዋል፤ ይህ መያዝ አይደለም ያለ ሰውም አልነበረም። በሌትስ ጎ የሳፋሪው ቦታ ተነሥቶ ከፖክሞን ጎ ፖክሞን የሚሻገርበት ፓርክ መተካቱን ጨምሮ፣ ሳፋሪው የጠፋ ሳይሆን አገሩን ሁሉ ያጥለቀለቀ ነው ሲል ደመደመ። ይህን አባባል ወድጄዋለሁ፤ ግን ሳፋሪውን ሳፋሪ ያደረጉት ኳሱና እርምጃው የሚያልቁ መሆናቸው ነው። ሊሸሽ የተቃረበን ታውሮስ በመጨረሻዋ ኳስ የመሞከር ጭንቀት፣ ገበያ ወርዶ መቶ ኳስ ሸምቶ ለሚመለስ ሰው አይገኝም።

5ኛውን መልስ የጻፉት በእስራኤል የሚኖሩ እናት ናቸው። ረጅም ነው፤ ይህን ክር ወደ ቁም ነገር የመለሰውም እርሱ ይመስለኛል። የሰባት ዓመት ልጃቸው የሚያነበው ዕብራይስጥ ብቻ ነው። ጨዋታው ደግሞ ጃፓንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣልያንኛ፣ ስፓንኛ፣ ኮሪያኛና ሁለት ዓይነት የቻይንኛ ጽሕፈት ሲኖረው፣ ዕብራይስጥም አማርኛም የለውም። ከዚህ በፊት በነበሩት የፖክሞን ጨዋታዎች ልጁ በየመስመሩ ይህ ምን ይላል እያለ ይጠይቃቸው ነበር፤ እርሳቸው ራሳቸው እንግሊዝኛ ስለማያነቡ መልስ አጥተው ጨዋታው ተዘግቶ ይቀር ነበር። በሌትስ ጎ ግን ክቡ አረንጓዴ ሲሆን የሚያዘው ቀላል፣ ቀይ ሲሆን ከባድ መሆኑን ልጁ ማንም ሳይነግረው ደረሰበት። ፍሬ አብልቶ ማለዘብንም እንዲሁ። አንድ ቀን ጆይ-ኮን ከሚባሉት ከስዊቹ ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች ሁለተኛውን አንሥተው ወዝወዝ ሲያደርጉት እርሳቸውም ጨዋታው ውስጥ ገቡ፤ እናትና ልጅ እኩል ሲወረውሩ ሁለቱ ኳሶች ተዋህደው ይበልጥ እንደሚይዙ አወቁ። ከዚያ ወዲህ አርብ ቀን፣ ሰንበት ሳይገባ፣ አንድ ሰዓት አብረው ይይዛሉ። እናቲቱ ስለ ዋናው ተከታታይም ሆነ ስለ ችሎታና ስለ ዕቃ መሸከም የሚያውቁት ነገር እንደሌለ በግልጽ ጽፈዋል፤ በልጃቸው ጨዋታ ውስጥ ቦታ ያገኙበት ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ግን ያውቃሉ።

6ኛው መልስ ከአዲስ አበባ ነው፤ ለእናቲቱ ምስጋና አቅርቦ ትንሽ ከመንገዱ ወጣ። በሰፈሩ ጌም ቤት የሚጫወቱት በጨዋታ ተከፍሎ እግር ኳስ እንደሆነ፣ ስዊች የሚባል ዕቃ የሚያውቅ ልጅ ማግኘት እንደሚቸግር፣ የእርሱን አክስቱ ከዱባይ እንዳመጣችለትና ከጓደኞቹ መካከል ፖክሞን የሚለዋወጠው ሰው እስካሁን እንዳላገኘ ይተርካል። የብቸኝነት ጨዋታ ሆኖብኛል ያለበት ቦታ ልብ ይነካል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

7ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። የቁጣው ምንጭ ጨዋታው ራሱ ሳይሆን ስያሜው ነው ባይ ነው። በ2018 በግንቦት ማብቂያ በቶኪዮ በተሰጠው መግለጫ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ተነገሩ፤ ኪዩብ የመሰሉ ፖክሞኖች ያሉት በነፃ የሚጀመረው ፖክሞን ኩዌስት፣ ሁለቱ ሌትስ ጎዎች፣ በ2019 መጨረሻ ገደማ ይወጣል የተባለው አዲስ ጨዋታ። ተጫዋቹ ሁሉ ሌትስ ጎን ለፖክሞን ጎ ልጆች የተሠራ ቅርንጫፍ አድርጎ ወሰደው፤ አሳታሚው ግን ከዋናው ተከታታይ ይቆጥረዋል። ዳይሬክተሩ ጁኒቺ ማሱዳ፣ ሠሪውም ያው ጌም ፍሪክ ነው። ቅርንጫፍ ነው ብለው ቢነግሩን ኖሮ ማናችንም አንከፋም ነበር ሲል ይደመድማል።

በ8ኛው መልስ ድምፁ ከረረ። የውድድር ተጫዋች መሆኑን የገለጸው ጸሐፊ ለ7ኛው ሲመልስ፣ ስም የሚያጣላው ለሚሰበስብ ሰው እንጂ ለሚፋለም ሰው እንዳልሆነ ይናገራል። እርሱን ያስከፋው ነገር በሙሉ ይቆጠራል። ዕቃ መሸከም ሲቀር ግማሹ ስልት ይቀራል፤ ልዩ ችሎታ ሲቀር ጌንጋር የተባለውን ፖክሞን የምድር መንቀጥቀጥ ከሚባለው ምት ያድነው የነበረ ነገር ይጠፋል። የሥልጠናውን ቦታ የወሰደው ከረሜላ ነው፤ የያዝናቸውን ትርፍ ፖክሞኖች በጨዋታው ውስጥ ላለው የፖክሞን ተመራማሪ ለፕሮፌሰር ኦክ በላክን ቁጥር ከረሜላ ይመለስልናል፣ በከረሜላውም የፖክሞኑ እያንዳንዱ አቅም እስከ 200 ነጥብ ይጨመርለታል። ስለዚህ የሚያሸንፈው ያሰበ ሳይሆን ብዙ ያጋበሰ ነው ይላል። በኢንተርኔት የሚደረገው ፍልሚያም ደረጃ የሚያወጣ ሥርዓት እንደሌለው አንሥቶ፣ ይህን ጨዋታ የሚያወድስ ሰው ፖክሞን ምን እንደሆነ አልገባውም ሲል ዘጋው። ከጌንጋር በስተቀር የዘረዘረውን ሁሉ እቀበላለሁ። ጌንጋር ያን ችሎታ ያጣው ቀደም ብሎ፣ በ2016ቱ ሳንና ሙን ነው፤ በሌትስ ጎ አያመካኝም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ለ5ኛዋ እናት እንደ ስድብ የሚደርስ ነውና ባይጻፍ እመርጥ ነበር።

9ኛው መልስ ለ8ኛው የተሰጠ ነው፤ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ሳይጫወቱ ፈረዱ በማለት ይወቅሰዋል። የታሪኩን የመጨረሻ ፈተና፣ ሊጉን፣ ካሸነፍን በኋላ በየአገሩ የሚቆሙ ሊቃውንት አሠልጣኞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ የፖክሞን ዘር ብቻ ያሠለጠኑ ናቸው፤ እኛም በዚያው ዘር ብቻ፣ አንድ ለአንድ፣ ያለ መድኃኒት መግጠም አለብን። ከእነርሱ ስድስቱን ያሸነፈ ሰው የመጀመሪያውን ጨዋታ ባለታሪክ ሬድን ያገኛል። ጸሐፊው በዚህ ክፍል ብዙ ምሽት እንዳሳለፈ፣ ቀላል የተባለው ጨዋታ በሆዱ ምን እንደያዘ ያወቀው ያኔ እንደሆነ ይናገራል።

10ኛውም ከ9ኛው ጎን ቆመ፤ ይህ ሰው ቀለማቸው የተለየ ፖክሞኖችን፣ ሻይኒ የሚባሉትን፣ የሚያድን ነው። እንደ ወትሮው ከሆነ ዕድሉ ከ4096 አንድ ነው። በሌትስ ጎ አንድን ዘር ብቻ ደጋግመን በያዝን መጠን ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ 31 ሲደርስ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ያድጋል። በመካከል ሌላ ዘር ከያዝን ወይም ያው ፖክሞን ከሸሸብን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ስለዚህ ሰንሰለቱ 29 ላይ ሆኖ ቀይ ክብ ፊት የሚቆም ሰው ልቡ እንደሚመታና እኔ ጠፋ ያልኩት ጭንቀት ያለው እዚያ እንደሆነ ይናገራል። ይህ መልስ አሳምኖኛል፤ ሰንሰለቱን ራሴ ሞክሬው ስለማላውቅ ቀድሜ መፍረዴን አምኛለሁ።

11ኛው መልስ በሁለት መስመር ያለቀ ነው። ሌትስ ጎ እስከ 2018 መጨረሻ 10 ሚሊዮን፣ በኋላም ከ15 ሚሊዮን በላይ መሸጡን ጠቅሶ ክርክሩ ተዘግቷል ይላል። የገዛው ሁሉ የወደደው እንዳልሆነ 12ኛው ወዲያው መልሶለታል።

13ኛው ለእኔ የተጻፈ ነው፤ በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የመታኝም እርሱ ነው። አንተ እያለ የጻፈልኝ ወጣት፣ ሁለት ሳምንት በር ላይ መሸነፌን እንደ ክብር ማቅረቤ እንዳስገረመው ይገልጻል። የተሸነፍኩት ጨዋታው ጥልቅ ስለነበረ አይደለም፤ የተጻፈውን ማንበብ ስላልቻልኩ ነው። ይህ ደግሞ የንድፍ ጥበብ ሳይሆን እንግሊዝኛ የማያነብን ልጅ ውጭ ያስቀረ ግድግዳ ነው። አሁን ያ ግድግዳ በበር ጠባቂ ሲተካ የምከፋው እኔ የተገረፍኩትን ሌላውም ይገረፍ ብዬ ነው ወይ ሲል ይጠይቃል። ከእኔ ጽሑፍ በላይ የ5ኛዋን እናት ጽሑፍ ደጋግሜ እንዳነብም ይመክረኛል።

በ14ኛው አንድ አንጋፋ ተሳታፊ ለማያውቁት ሰው አንተ ብሎ መጻፍ ነውር መሆኑን ተናግረው ወጣቱን ገሠጹት። በ15ኛው ወጣቱ ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ ስለ ሐሳቡ ግን አንድ ፊደል እንደማይመልስ ጨመረ።

16ኛው የእኔ ነው፤ ሳልጽፈው አንድ ሌሊት አድሬአለሁ። አንተ መባሉ እንዳላስቀየመኝ፣ የተናገረው እውነት ግን እንቅልፍ እንደነሣኝ ጻፍኩ። ልጁ ትክክል ነው፤ መስመሩን አንብቤ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሳምንት ፋንታ በሁለት ሰዓት ማንኪን ፍለጋ እወጣ ነበር። ሆኖም የምወደው ነገር ሽንፈቱ አልነበረም። መፍትሔውን ፈልጌ ያገኘሁት ራሴ መሆኔ ነው፤ ማንኪን ይዘህ ና ያለኝ ሰው የለም። ስለዚህ ጥያቄዬን አጥብቤ እንደገና አቀረብኩ። ለሚፈልግ በር ጠባቂው ይቁምለት፤ ለማይፈልግ ደግሞ ገለል ይበልለት። በ2013 በኤክስና ዋይ የልምድ ነጥብን ለጓዶቹ ሁሉ የሚያካፍለው መሣሪያ ሲመጣ ማጥፋት ይቻል ነበር፤ በ2016ቱም እንደዚያው። ማጥፊያው የተነሣው በሌትስ ጎ ነው፤ በ2019ኙ ሶርድና ሺልድም አልተመለሰም። ለሁለት ዓይነት ተጫዋች የሚበቃ ገበታ ሆኖ ሳለ አንዱን ሳህን ማንሣት ለምን አስፈለገ? ቅሬታዬ አሁን ይህ ብቻ ነው።

17ኛው መልስ ወደ ሥሩ ወረደ። የፖክሞን ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ ልጅ ሳለ በቶኪዮ ዳርቻ፣ በማቺዳ፣ ነፍሳት እያሳደደ ይሰበስብ እንደነበር፣ ጨዋታውን ያሰበውም ያን ደስታ ለከተማ ልጆች ለመመለስ እንደሆነ ያነሣል። ጥንዚዛ የሚይዝ ልጅ ጥንዚዛውን ተፋልሞ አያደክመውም፤ ዐይቶ፣ አድፍጦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እጁን በልክ ሰንዝሮ ይይዘዋል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከሩቅ የሚታይ ፖክሞንን ቀርቦ በአንድ ውርወራ መያዝ ከፍልሚያው ይልቅ ለመነሻው ሐሳብ የቀረበ ነው ይላል። ለዚህ እስካሁን በቂ መልስ የለኝም።

በ18ኛውና በ19ኛው ጥንዚዛው ራሱ ርእስ ሆነ። አንዱ በልጅነቱ በክረምት መውጫ ጥንዚዛ ይዞ እግሩን በክር አስሮ ያበር እንደነበር፣ ሌላው ያው ጨዋታ በእርሱም አገር እንደነበረና የማን ጥንዚዛ ይበልጥ እንደሚበር ይወራረዱ እንደነበር አወጉ። አንጋፋው ተሳታፊ ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ በትሕትና አሳሰቡ፤ እኔ ግን ከጉዳዩ የወጣን አልመሰለኝም።

20ኛውን የጻፈችው እኅት ስለ ምርጫ ያልኩትን እኔ ካሰብኩት በላይ አሳየችኝ። የትከሻ ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ ክንዷን እንደ ልብ ማወናጨፍ አትችልም። ስዊቹ ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ሌትስ ጎ የሚቀበለው አንድ ጆይ-ኮን ወይም ፖኬ ቦል ፕላስ የተባለውን ኳስ መሰል መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሁለት እጅ የሚይዘው ትልቁ ጆይስቲክ አይሠራም፤ መወርወር የግድ በክንድ ነው። በአዝራር መወርወር የሚፈቀደው ስዊቹን በእጅ ይዞ ሲጫወቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ቀላል ሆኖ የተሠራው ጨዋታ እርሷን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስነሥቶ ጥግ ላይ፣ በትንሹ ማያ፣ ብቻዋን አስቀመጣት። ከወንድሞቿ ልጆች ጋር መጫወት ነበር የገዛችበት ምክንያት። አንድ የማማረጫ መስመር ቢጨመር የሚፈታ ነገር መሆኑን ያለ ምሬት ጽፋለች፤ ምሬቱን እኔ ልጨምርላት። ከፍልሚያው መቅረትም ከከረሜላውም ይልቅ ከባዱ ጥፋት ይህ ነው።

21ኛው ከሚፈለገው በላይ ቸኩሎ፣ ጆይ-ኮኑን በቀስታ ማነቃነቅም እንደሚበቃ ነገራት። 22ኛው እርሱን መልሶ፣ ሐኪም ሳይሆኑ ስለ ሰው ትከሻ መናገር እንደማይገባ አስታወሰው።

23ኛው መልስ ነገሩን ከ2018 አሻግሮ አየው። የዱር ፖክሞኖች ሜዳ ላይ መታየት በሌትስ ጎ ተጀምሮ በሶርድና ሺልድ በከፊል፣ በ2022ቱ ስካርሌትና ቫዮሌት በሙሉ ጸንቷል፤ ያ በድንገት የሚለወጥ ማያ ዛሬ በአዲሶቹ ጨዋታዎች የለም፤ የናፈቀውም ጥቂት ሰው ነው። ከሁሉ በላይ በጃንዋሪ 2022 የወጣውን ሌጀንድስ አርሴውስን ይጠቅሳል። እዚያ ተጫዋቹ ሣር ውስጥ አድፍጦ ከኋላ ኳስ ሊወረውር ይችላል፤ ከፈለገም የራሱን ፖክሞን አውጥቶ በቀድሞው ሥርዓት ይፋለማል። አንዳንዱ ፖክሞን ይሸሻል፣ አንዳንዱ ተጫዋቹን ራሱን ያሳድዳል። ጸሐፊው እኔ በ16ኛው የለመንኩት ገበታ በዚያ ጨዋታ እንደቀረበ፣ ያለ ሌትስ ጎ ግን ወደዚያ መድረስ እንደማይቻል ይከራከራል። አርሴውስን ተጫውቼዋለሁ፤ ሁለቱን በዚህ ዓይን አገናኝቼ አላውቅም ነበር። ከሣር ውስጥ ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ቢዱፍ ሳይነቃብኝ ስይዝ የተሰማኝ ነገር ያ የጥንዚዛ ነገር ነው፤ አሁን ገባኝ።

በ24ኛው የ8ኛው ጸሐፊ ተመልሶ መጣ፤ ቁጣውም አልበረደም። መሸጋገሪያ ድልድይ ነው ማለት 60 ዶላር ያስከፈለ ጨዋታን ነፃ አያወጣም፤ ድልድይ የሚሠራ ሰው የድልድዩን ዋጋ እንጂ የከተማውን አያስከፍልም ይላል። ደግሞም በ2019 ሁሉም ፖክሞኖች በአዲሱ ጨዋታ እንደማይገኙ ሲነገር የተነሣውን ቁጣ አስታውሶ፣ ቀድሞ በሌትስ ጎ ጊዜ ዝም ያልን ሰዎች ለዚያ መንገድ እንደጠረግን ይወቅሳል። ይህን አልቀበልም፤ ከ800 በላይ ፖክሞኖችን በአዲስ መልክ የመሥራት ሸክም ከበር ጠባቂና ከከረሜላ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም። ስለ ዋጋው ግን ልክ ነው።

25ኛው መልስ እንደገና የ5ኛዋ እናት ነው፤ የሰላ ክርክሩ ሁሉ አጠገባቸው ያለፈ ይመስላል። ሁለት ጥያቄ ይዘው መጡ። የመጀመሪያው፣ በሁለተኛው ጆይ-ኮን የሚያንቀሳቅሱት ሰውዬ ሰው ማናገርም ዕቃ ማንሣትም እምቢ ስላላቸው ተበላሽቶ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ልጃቸው ካዳብራ የሚባለውን ፖክሞን የትም ደረጃ ቢያደርሰው ወደ ቀጣዩ መልክ አልለወጥ አለ፤ ልጁ ጥፋቱ የእርሱ መስሎት አዝኗል።

ለመጀመሪያው የ9ኛው ጸሐፊ በ26ኛው መልሶላቸዋል። አልተበላሸም፤ ሁለተኛው ተጫዋች መወርወርና አብሮ መፋለም እንጂ ሰው ማናገር አልተፈቀደለትም። የሚቀያየሩት ጆይ-ኮኑን በመለዋወጥ ነው።

ሁለተኛውን የመለሰው፣ በ27ኛው፣ ያ የውድድር ተጫዋች ነው። ካዳብራ ወደ አላካዛም የሚለወጠው ለሌላ ሰው ሲሰጥ ብቻ መሆኑን፣ ይህም ከ1996ቱ ጨዋታ የመጣ ሕግ መሆኑን፣ ልጁ ምንም እንዳላጠፋ በጥሩ ቃል ገለጸላቸው። ቀጥሎም ጨዋታውን እንዳልሸጠው፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ካዳብራውን ተቀብሎ አላካዛም አድርጎ እንደሚመልስ ጻፈ። እናቲቱ በ28ኛው የኢንተርኔቱን አባልነት ልጃቸው እንዳለው፣ ነገር ግን መገናኛ ኮዱን በእንግሊዝኛ መጻፍ እንደማይችሉ ተናገሩ። በ29ኛው ኮዱ ፊደልም ቁጥርም እንደሌለው፣ ሁለቱም ወገን ሦስት ተመሳሳይ የፖክሞን ሥዕሎች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል መምረጥ ብቻ እንደሚበቃ አስረዳቸው። በዚህ መካከል የ6ኛው ወንድማችን ከአዲስ አበባ ገብቶ፣ እርሱም እንደ ካዳብራ በመለዋወጥ ብቻ የሚለወጥ አንድ ሃንተር እንዳለውና ተራ ቢደርሰው ደስ እንደሚለው በ30ኛው ጠየቀ፤ እሺ ተባለ።

እናቲቱ ልጁን ጠይቀው በ31ኛው መልስ ሥዕሎቹን አሳወቁ፤ በመጀመሪያ ፒካቹ፣ ቀጥሎ ዲግሌት፣ በመጨረሻ ፒጂ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ ነው።